ሸንጋዩ ጠርሙስ

ልጄ የመጀመሪያዋን የመኪና ፖሊሽ ስትመርጥ አጠገቧ ቆሜ ነበር። እጇ ወደ ተሳሳተው ጠርሙስ ሲሄድ አየሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ዝምታዬን ላሳምርበት ብዬ አይደለም። ሰው የሚመሰገንበትን ሥራውን ሌላው ይናገርለታል፤ የማይመሰገንበትን ግን ራሱ ካልተናገረው እንደሌለ ይቆጠራል።

ደብረ ታቦር ውስጥ መኪና ማሸት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ማሸት የምንለው የመኪናን ቀለም በፖሊሽና በሚሽከረከር ማሽን እያሹ ጭረቱን ማውጣት ነው። እዚህ አገር የሚታሽ መኪና አይጠፋም። ከጉና በኩል የሚወርደው ጠጠርና በረዶ ሲደበድበው ይከርማል፤ በአንበሳሜ መንገድ የሚመጣው አቧራ ለብሶ ይደርሳል። ከጠጠሩም ከአቧራውም የባሰው ጠላት ግን ባለቤቱ ነው። ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሲወጣ መኪናው ላይ አቧራ ያያል። በሰው ፊት አቧራ የለበሰ መኪና መንዳት ያሳፍረዋል፤ የጋቢውን ጫፍ ሰብስቦ ደረቁን ይጠርገዋል። ጋቢ ለስላሳ ነው ብሎ ያምናል። ጋቢው ለስላሳ ነው፤ አቧራው ግን የተፈጨ ድንጋይ ነው። ዓመት ሳይሞላ የሞተሩ መክደኛ፣ ኮፈን የምንለው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር ያደራበት ይመስላል። የእኔ እንጀራ የሚወጣው ከዚያ ጋቢ ነው።

ማንም አላስተማረኝም። ይህን ደረቴን ነፍቼ ስናገረው ኖሬያለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከመዝሙረ ዳዊት፣ ከጋዜጣ ቁራጭና ሰው ከጣለው መጽሐፍ ነው የለቀምኩት። ሙያውን የጀመርኩት በአንድ ሰው ጋራዥ ወለል እየጠረግሁ ነው። ሰውየው ሲያሽ እንዳላይበት ጀርባውን ይሰጠኝ ነበር። አንድ ቀን እሱ በሌለበት ማሽኑን አነሳሁና አንድ በር ላይ ሞከርኩ፤ ቀለሙን እስከ ብረቱ አቃጠልኩት። ሲመለስ በጥፊ መታኝና "አሁን ተማርክ" አለኝ። ለብዙ ዓመት ያ ጥፊ ትምህርት ቤቴ ነው እያልኩ ስኮራበት ኖርኩ። አሁን ሳስበው ያስተማረኝ የተቃጠለው በር ነው። ጥፊው ያስተማረኝ መማታት ብቻ ነው።

በጠርሙሶቹ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማልችል ለፖሊሾቹ የራሴን ስም አወጣሁላቸው። ሦስት ናቸው። አንደኛው ነካሽ ነው። ሻካራ ነው፤ የጠለቀ ጭረት ይነቅላል፤ በጀማሪ እጅ ግን ቀለሙንም ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው አስታራቂ ነው። ቀስ እያለ ጭረቱንና ዙሪያውን እኩል ያደርጋቸዋል፤ ቢሳሳቱበትም ጊዜ ይሰጣል። ጀማሪ መያዝ ያለበት እሱን ነው። ሦስተኛው ሸንጋይ ነው። ሸንጋይ ጭረት አያወጣም። ዘይትና ሰም ነው፤ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፤ መኪናው እንደ መስታወት ያበራል፤ ባለቤቱ ይመርቅሃል። መኪናው በሳሙና ደህና አድርጎ የታጠበ ዕለት ግን ጭረቱ አንድ ሳይቀር ይመለሳል። ሸንጋይ አይረባም ማለቴ አይደለም፤ ጭረቱ ከወጣ በኋላ ለመጨረሻ ማሳመሪያ ይሆናል። ብቻውን ሲሠሩበት ነው ውሸት የሚሆነው። ነካሽ ቢያጠፋ በግልጽ ያጠፋል፤ ሸንጋይ የሚያጠፋው እየሳቀ ነው።

በከተማው ያሉ ጋራዦች ዛሬ ሁሉም በእነዚህ ስሞች ይጠሯቸዋል። ሦስቱን መለያው ግን ስም አይደለም፤ ጣት ነው። ጠብታውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ስታሸው ነካሹ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይቆረቁራል። አስታራቂው እንደ አመድ ነው። ሸንጋዩ ምንም የለውም፤ እንደ ቅባት ያንሸራትትሃል። ስሞቹን ለሁሉም ሰጥቻለሁ፤ ጣቱን ለማንም አልነገርኩም ነበር።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆማ ያልገለበጠችው፣ ያላስገባችው ማመልከቻ የለም። አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ አንድ ፒክአፕ ሳሽ መጥታ ማሽኑ እስኪቆም ጠበቀችኝ።

"አባባ፣ ማሸት ልማር።"

"አንቺ?"

"እኔ።"

"ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ?"

"የላኩኝ ሥራ እንድይዝ ነው። ሥራው ይኸው ደጅዎ ላይ አለ።"

በዚያው ሰሞን አንድ የሚኒባሶች ባለቤት መናኸሪያው አጠገብ ላቫጆ ሊከፍት እየተሰናዳ ነበር። መኪና የሚያጥቡትን ቀጥሯል፤ የሚያሸው ግን አላገኘም። መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ፤ ከደጄ አልነሳም አልኩት። ልጄ ይህን ሰምታ ሳትነግረኝ ራሷ ሄደች። ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን አላባረራትም። "የገዛ መኪናዬን እሰጥሻለሁ" አላት፤ "ጥቁር ነው፤ ጥቁር ደግሞ ምንም አይደብቅም። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ። ካማረ ሰኞ ትጀምሪያለሽ።" ለሁለት ዓመት ተዘግቶባት የከረመው በር ያን ያህል ተከፍቶ ነበር። የቀራት ያቺ ቅዳሜ ናት።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ ጠየቀችኝ። "ምን ልግዛ አባባ? ማሽኑ ምን ዓይነት ይሁን? ከፖሊሾቹስ አስታራቂው የትኛው ነው?"

"እኔ ማንን ጠየቅሁ?" አልኳት።

ባለቤቴ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል "ንገራት እንጂ፤ ከአፍህ ምን ይጎድልብሃል?" አለችኝ።

"በራሷ ትማር። እኔ በራሴ ነው የተማርኩት።"

"እሱማ ይባላል" አለች ባለቤቴ፤ "ብልህ ከሰው ይማራል፣ ሞኝ በራሱ ይማራል።"

ልጄ ሳቋ አመለጣት። አፏን በእጇ ያዘችና "ይቅርታ አባባ" አለችኝ፤ ትከሻዋ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቴ ትምህርት ነው፣ ጥንካሬ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ከርሜያለሁ፤ እውነቱ ግን በዚያች ሳቅ ቂም ይዤ ነበር። አባት በልጁ ላይ ቂም መያዝ እንደሚችል ሰው አይናገርም። ይችላል።

በማግስቱ ባለቤቴ ገፋፍታኝ አብሬያት ሱቅ ሄድኩ። የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ልጅ እኔን ሲያይ ተነሳ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ምን ጎደለብዎት?"

"የምትገዛው እሷ ናት።"

ከእግር እስከ ራሷ አያት። "እህቴ፣ የጥፍሩ ቀለም ያለው ማዶ ሱቅ ነው" አላት። በሩ ላይ የቆሙ ሁለት ሾፌሮች ሳቁ።

"ለአንተ ካለቀብህ ከማዶ ተበደር" አለችው፤ "እኔ የመኪናውን ነው የፈለግሁት። ማሽን አሳየኝ።"

መጀመሪያ ያወጣላት ብረት መቁረጫውን ነው። "ይሄ ብረትም ይቆርጣል፣ ፖሊሽም ያሻል። አንድ ገዝተሽ ሁለት ሥራ" አላት።

"ፍጥነቱ ይቀነሳል?"

"ለምን ይቀነሳል? ጉልበት አይደል የተፈለገው?"

"ብረት የሚቆርጥ ነገር ቀለም ላይ ምን ይሠራል? መቀነሻ ያለውን አምጣ።"

ልጁ መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ አወረደ፤ ከአንድ እስከ ስድስት የሚዞር ቁጥር አለው። በሁለት እጇ ይዛ ክብደቱን ለካችው። ከዚያ ሶኬት ላይ ሰክታ በዝቅተኛው አስነሳችውና እጇ ላይ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አየች። የመጀመሪያው ሲንቀጠቀጥ መለሰችውና ሌላ አስወረደችው። እኔ ማሽን ሳይገዙ አስነስቶ ማየት የገባኝ በስንት ዓመቴ ነው።

ቀጥሎ ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው መጣ። እኔ ሁልጊዜ የምጠቀመው ከጉና በግ አጎዛ በክብ ቆርጬ የምሰፋውን ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ሁለት ስፖንጅ አነሳች፤ አንድ ጠንከር ያለ፣ አንድ ለስላሳ።

"በስፖንጅ ሕፃን ነው የሚታጠበው" አልኩ፣ ሾፌሮቹ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። አሁን ከእኔ ጋር ሳቁ። ፊቷ ቀላ። ስፖንጁን ግን አልመለሰችም።

ልክ የነበረችው እሷ ናት። አጎዛ ቶሎ ይሞቃል፤ ቀለሙን ይዞ ከጀማሪ እጅ ይቀድማል። ስፖንጅ ይታገሣል። ይህን ያን ቀን አላውቅም ነበር፤ በኋላ የእሷን ሥራ አይቼ ነው ያወቅሁት። ማሽኑን በልክ መረጠች፣ ስፖንጁን ከእኔ አብልጣ መረጠች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እንደ ስድብ ነው የተሰማኝ። ሃያ ዓመት የከፈልኩበትን ነገር አንዲት ልጅ በግማሽ ሰዓት በጥያቄ ብቻ ስታገኘው፣ የእኔ ሃያ ዓመት ምን ነበር?

የቀረው ፖሊሹ ነው። ስምንት ጠርሙስ ተደርድሯል። ሁሉንም አንድ በአንድ እያገላበጠች አነበበች።

"ሁሉም ጭረት ያጠፋል ነው የሚለው" አለች። "ከእነዚህ አስታራቂው የቱ ነው?"

ሻጩ አላወቀውም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ አላወቀም። "ይሄን ውሰጂ" አለና አንድ ነጭ ጠርሙስ አቀበላት። "ሁሉም የሚወስደው ይሄን ነው። ሳትለፊ ያበራልሻል።"

ስታዘነብለው ጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሹ ሲሮጥ አየሁት፤ ቀጭን፣ ቶሎ የሚወርድ፣ ግድግዳው ላይ ምንም የማይተው። ሸንጋይ ነው። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ጣቷን አላስነካችበትም፤ ማንም አልነገራትማ። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየች። በአፏ አልጠየቀችኝም፤ ምሳ ላይ የተመለሰላት ይበቃታል። በዓይኗ ግን ጠየቀችኝ። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩና ሣር ጭና የምታልፍ ጋሪ እስክትርቅ ድረስ አየሁ። ስመለስ ጠርሙሱን በፌስታል ይዛለች።

ሐሙስና ዓርብ ሠራች። በርጩማ አውጥቼ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ። ጥቁሩን መኪና መጀመሪያ በብዙ ውሃ አጠበችው፣ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ አደረቀችው። የጎማ ጠርዞቹንና የመብራቶቹን ዙሪያ በወረቀት ፕላስተር ሸፈነች። ከዚያ ኮፈኑን ክንድ በማይሞላ ቦታ ከፋፍላ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ መጀመሪያ ወዲህና ወዲያ፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ታሽ ጀመር። አትቸኩልም። ክንዷ ሲዝል ማሽኑን አጥፍታ ታሳርፈዋለች እንጂ ቀለሙ ላይ አትጫነውም። እጇ ልክ ነበር። እኔ በእሷ ጊዜ ከነበረኝ እጅ በጣም ይሻላል። ያ ሁሉ ልክ የሆነ እጅ ግን የሚደክመው ጭረቱን በዘይት ለመሙላት ነበር። ጭረቱ እየወጣ አልነበረም፤ እየሰጠመ ነበር።

ሐሙስ ቀትር ላይ ግንባሯን በክንዷ እየጠረገች መጣች።

"አባባ፣ ቶሎ ነው የጠፋው። እንዲህ ይቀላል እንዴ?"

ጥርጣሬ ገብቷታል ማለት ነው። ጥሩ ሠራተኛ ሥራ ሲቀልለት ይጠረጥራል። እውነቱን እንድናገር ሁለተኛ ጊዜ በሩ ተከፈተልኝ።

"ከቀለለሽ እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ?" አልኳት።

ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ዓርብ ከሰዓት መኪናው እንደ ኩሬ ውሃ ሆነ። ባለቤቴ ወጥታ የመኪናው በር ላይ ጎንበስ አለች። "እዚህ ውስጥ ያለችው አሮጊት ደግሞ ማን ናት?" አለች። "እኔ ቤት የማላውቃት ሰው አስገብታችሁ!" ልጄ ማሽኑን እንደታቀፈች ሳቀች። ጎረቤቶችም አጥሩን እየተሻገሩ መጥተው ነጠላቸውን በመኪናው እያዩ አስተካከሉ። ልጄ እኔን ጠበቀችኝ። "እንዴት ነው አባባ?"

"ነገ ባለቤቱ ሲመጣ እናያለን።"

ሚስቴ ቃሌ ውስጥ የሆነ ነገር ሰማች መሰለኝ፣ ሳቋን አቁማ አየችኝ። እኔ ተነስቼ ገባሁ።

ቅዳሜ ሰውየው ሁለት ሾፌሮቹን አስከትሎ መጣ። መኪናው በግንቡ ጥላ ውስጥ ቆሟል። ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ አየው፣ በጣቱ ነካ አደረገው።

"እጅሽ ይባረክ!" አላት። ወደ እኔ ዞረና "አንተ ሰውዬ፣ በልጣሃለች እኮ! ጡረታ ውጣ" አለኝ። ሾፌሮቹ ሳቁ። "ሰኞ በአንድ ሰዓት ነይ፤ ቦታሽን አሳይሻለሁ" አላት። ልጄ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ ብላ አመሰገነችው። ስትቀና ፊቷ ላይ የነበረውን ብርሃን አይቼዋለሁ። ልክደው አልችልም፤ እያየሁት ነው ያደረግሁት።

"ቆይ" አልኩ። "መኪና በጥላ አይታይም።"

ባልዲ ሙቅ ውሃና የልብስ ሳሙና አስመጣሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ሆና "ምን ልትሠራ ነው? ተው!" አለችኝ። ኮፈኑን በገዛ እጄ አጠብኩት፤ አለቅልቄ ደግሜ አጠብኩት፤ አደረቅሁት። ከዚያ ቁልፉን ተቀብዬ መኪናውን ከጥላው ወደ ፀሐይ አወጣሁት።

"አሁን ኑና እዩ።"

የሸረሪት ድሩ ሁሉ ቦታው ላይ ነበር። አንድ ክር አልጎደለም። የጋቢው ጫፍ የሄደበት መንገድ ሁሉ ይታያል።

ከሾፌሮቹ አንዱ አፉን ያዘ። "አይ! ሸንጋይ ነዋ የቀባችው!" አለ። ሌላው "ሸንጋይ ቀብታ አለቃችንን ልትሸነግል!" ብሎ ሳቀ።

"ይሄን እያወቅሽ ነው?" አላት የመኪናው ባለቤት።

"አላወቅሁም" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አባባ፣ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሱቁ።"

እንባ አልጠበቅሁም፤ እንባም አልመጣም። መኪናውን አየች፣ እጆቿን አየች። እኔ ያኔ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ እውነተኛ ሥራ፣ ስለ ላብ፣ የተሸፈነ ነገር ሁሉ እንደሚገለጥ። አፌ ውስጥ የተገኘው ግን "አሁን ተማርሽ" የሚል ብቻ ሆነ። ከማን አፍ እንደወሰድኩት እንኳ የታወቀኝ ሰንብቶ ነው።

ሰውየው ወደ እኔ ቀረበ። "ይቺ ልጅህ ናት ወይስ ባላጋራህ?" አለኝ።

"እኔ አንተን ነው ያዳንኩህ። ተታልለህ እንዳትቀር።"

"እኔንማ ያታለልከኝ አንተ ነህ። እሷ ሳታውቅ ቀባችው፤ አንተ እያወቅህ ሁለት ቀን ተቀምጠህ አየህ።"

ደስ አለኝ፤ በእኔ ላይ ከከፋ ለእሷ ይራራል ብዬ። ራርቶላታልም፤ ድምፁ ሲለወጥ ሰምቻለሁ። ግን እንዲህ አላት፦ "እህቴ፣ ነገሩ ሾፌሮቼ ፊት ሆነ። እኔና አንቺ ብቻ ብንሆን ኖሮ ድገሚው እልሽ ነበር። አሁን ሰኞ እዚያ ባቆምሽ መኪናውን የሚሰጥሽ ማን ነው?" ቁልፉን ከእጄ ተቀበለና ከሾፌሮቹ ጋር ወጣ።

ሰኞ ሳይደርስ ነገሩ መናኸሪያ ደረሰ። ከደረሰም በኋላ ስም ሆነ። ልጄ ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ ሽንኩርት ልትገዛ ስትወጣ፣ ከሚኒባስ ላይ "ሸንጋይዋ!" ይሏታል። እኔ ለጠርሙስ ያወጣሁትን ስም በልጄ ላይ አወጡት። አንዱን ረዳት አንድ ቀን በጆሮው ያዝኩት። "ልጄን በስሟ ጥራት!" አልኩት። "ስሙን ያወጡት እርስዎ አይደሉ እንዴ ጋሼ?" አለኝ፤ አሹፎም አልነበረም። ለቀቅሁት።

ማሽኑን ከነካርቶኑ አልጋ ስር አስገባችው። አልተጣላችኝም። እንደ ቀድሞው አንቱ ትለኛለች፣ ውሃ ታስታጥበኛለች፣ ስገባ ትነሳለች። አክብሮቷ የፀጉር ያህል አልቀነሰም። የጎደለው ጥያቄ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም፤ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ እንኳ። እናቷ በበኩሏ ያኔ የያዝነው ጾም እስኪፈታ ከሰላምታ በቀር አላነጋገረችኝም፤ ስታነጋግረኝም መጀመሪያ ያለችኝ "የገዛ ፍሬውን የሚረግጥ በሬ አይቼ አላውቅም" የሚል ነው። እኔ ሰውን ሁሉ ስገሥጽ የኖርኩ ነኝ። ማሽኔን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ የላቫጆው ባለቤት አንድ ሰው ላከብኝ። የእህቱ ባል ነው፤ ዐርባ ዓመት ያለፈው፣ ወገቡን ታሞ ከሾፌርነት የወረደ። ቦታው ለእሱ ተሰጥቷል። ማሸት ቀርቶ ፖሊሽ በእጁ ይዞ አያውቅም። የተላከው መልእክት አጭር ነው፦ "ያለብህን ታውቃለህ። አስተምረው።" እምቢ የምልበት ፊት አልነበረኝም።

ሰውየው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ሰጠሁት፤ ሻይ መጣለት። ልጄ ከጀርባችን ልብስ አጥባ እየጨመቀች ሽቦው ላይ ታሰጣለች።

"ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፣ ምንም አላውቅም። ከየት ልጀምር?"

ነገርኩት። ብረት መቁረጫ አትግዛ፤ ፍጥነቱ የሚቀነስ ግዛ፤ ሳትከፍል አስነስተህ እጅህ ላይ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እይ አልኩት። ጻፈ። ጀማሪ ነህና ጥቁር መኪና አትንካ፣ በነጭ ወይም በብርማ ጀምር፤ መኪናውን በደንብ ሳታጥብ ማሽን አታሳርፍበት፤ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነውና በፕላስተር ሸፍነው አልኩት። ጻፈ።

"ስፖንጅ ነው አጎዛ?"

"ስፖንጅ።"

"እርስዎ ግን በአጎዛ ነው የሚያሹት ሲሉ ነው የምሰማው።"

"ስፖንጅ ይሻላል። ይታገሣል።"

"ማን ነገረዎት?"

"አይቼ ነው።"

"ከማን?"

"ሻይህ ቀዘቀዘ" አልኩት። አልቀዘቀዘም ነበር።

ከዚያ ሦስቱን ጠርሙሶች አውጥቼ እጅህን ዘርጋ አልኩት። በሦስት ጣቶቹ ላይ ሦስት ጠብታ አደረግሁለት። ሃያ ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን፣ ስሙን በቅጡ ለማላውቀው ሰው ነገርኩት። አንደኛውን አሸና ፊቱን አጨማደደ። ሁለተኛውን አሸ። "አመድ ነው! አመድ እኮ ነው!" አለ ተደስቶ። "ጋሼ፣ በቃ ይሄው ነው? እንዲህ ቀላል ነው?"

"ይሄው ነው።"

ትምህርቱ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ለማስተማር የሚፈጅበት ያን ያህል ነው። ከጀርባዬ ልብስ ሲጨመቅ ውሃው ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠበው ድምፅ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። አልዞርኩም።

ሰውየው ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ትዝ አለው። "አንዲት ጥያቄ ብቻ። መኪናው ካበራ በኋላ ጭረቱ በእውነት መውጣቱን፣ ወይስ ተሸፍኖ መቅረቱን በምን አውቃለሁ?"

አፌን ከፈትኩ። መልሱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ዋጋውን የከፈለችበት ግን ከጀርባዬ እርጥብ አንሶላ ይዛ የቆመችው ልጄ ናት።

"እሷን ጠይቃት" አልኩት።

ሰውየው ግራ ገብቶት ዞረ። "እህቴ፣ በምን ይታወቃል?"

ልጄ አንሶላውን ሽቦው ላይ ዘረጋችው። ጫፉን ጎትታ አስተካከለች፣ በመያዣ ያዘችው።

"በሳሙና ያጥቡት" አለችው። "ባለቤቱ ሳይመጣ።"

ሰውየው ሁለቱንም ጻፈ።